የተዳፈነ እሳት፦ የጥራጥሬ ወገን ዕፅዋት የሥር ኖዱሎች ከኦክስጅን ጉዳት ራሳቸውን የሚጠብቁበት መንገድ

ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ዛሬ የምናገርለት ነገር መጠኑ ከአተር ፍሬ አይበልጥም። ብዙዎቻችን ቦሎቄ ስንነቅል ወይም ባቄላ ስናጭድ በእጃችን ነክተነው አልፈናል። በባቄላ፣ በአተር፣ በቦሎቄ፣ እንደዚሁም በብርብራና በኮርች ሥር ላይ ተለጥፎ የሚገኘውን ትንሽ እብጠት ማለቴ ነው። በሳይንሱ አጠራር ኖዱል ይባላል። ለዚህ ትንሽ አካል ኦክስጅን እስትንፋሱም መርዙም ነው። ያለ እርሱ ሊሠራ አይችልም፤ ትንሽ ከበዛበት ደግሞ ሥራው ሁሉ ይፈርሳል። ታዲያ እንዴት ይኖራል? የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። መልሱም በመጨረሻ ወደ ጓሯችን፣ ወደ መቁረጫችን ስለት ድረስ እንደሚመጣ ለማሳየት እሞክራለሁ።

የወርቃ ጓሮ

ዲላን ለቅቀን በወናጎና በይርጋ ጨፌ አድርገን ወደ ጌዴብ ስንዘልቅ የምናገኛት ወርቃ በቡናዋ ምክንያት ስሟ ባሕር ማዶ ሳይቀር ይነሣል። የቡና ነጋዴው የሚያውቀው ፍሬውን ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ከፍሬውም ከግንዱም በታች ልወስዳችሁ እወዳለሁ።

በወርቃ ጓሮ መካከል የቆመ ሰው ባለ ብዙ ደርብ ቤት ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሰሳውና ኮርቹ ጥላቸውን ይዘረጋሉ። ከእነርሱ ሥር እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ይቆማል። ከእንሰቱ አጠገብ ቡናው፣ ከቡናው እግር ሥር ደግሞ ቦሎቄው፣ ጎደሬውና ጎመኑ ይበቅላሉ። ገደላማ በሆነ፣ ሕዝብም ጥቅጥቅ ብሎ በሚኖርበት መሬት ላይ ትውልድ ሲፈራረቅ ይህ ሥርዓት ሳይፈርስ ቆይቷል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በአንድ ወገን ስለዚህ ነው።

የተፈጥሮ ሳይንስ ሰው እንዲህ ያለ ጓሮ ሲያይ ወዲያው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ከዚህ መሬት በየዓመቱ ቡና ይወጣል፣ ቦሎቄ ይወጣል፣ ማገዶ ይወጣል። ከእያንዳንዱም ጋር ናይትሮጅን ይወጣል። የወጣው በምን ይተካል? ከመልሱ አንዱ ክፍል የረገፈው ቅጠልና የከብቱ ፍግ ነው። ይሁን እንጂ ቅጠልና ፍግ በአብዛኛው ያለውን ናይትሮጅን መልሰው ያዞራሉ እንጂ አዲስ አይፈጥሩም። አዲሱ ናይትሮጅን ከአየር መምጣት አለበት። ከአየር ወደ ጓሮው የሚገባበት ዋና በር ደግሞ ይህ ትንሽ ኖዱል ነው። ከጠራኋቸው ዛፎች መካከል ዋንዛ የጥራጥሬ ወገን አይደለም፤ ብርብራ፣ ሰሳና ኮርች ግን የወገኑ አባላት ናቸው፤ ሦስቱም ኖዱል ያበቅላሉ።

ሁለት ፍጥረታት በአንድ ቤት

ኖዱል የተክሉ ብቻ አይደለም፤ የሁለት ፍጥረታት የጋራ ቤት ነው። ራይዞቢየም ተብለው የሚጠሩ የአፈር ባክቴሪያዎች በሥሩ ፀጉር በኩል ይገባሉ፤ ተክሉም ቤት ሠርቶ ያኖራቸዋል። ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ሁለት የጀርመን ሳይንቲስቶች በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የጥራጥሬ ዕፅዋት የአየርን ናይትሮጅን የሚጠቀሙት በእነዚህ እብጠቶች አማካይነት መሆኑን አረጋገጡ። በ1888 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኔዘርላንዱ ማርቲኑስ ቤየሪንክ ባክቴሪያውን ከኖዱሉ ለይቶ ለብቻው አበቀለው።

የእኛ አገር አፈርም በእነዚህ ባክቴሪያዎች ባለጸጋ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ የጥምር ደን እርሻ ጥራጥሬ ዕፅዋት ኖዱሎች ውስጥ እጅግ የተለያዩ የራይዞቢየም ዓይነቶች መኖራቸውን አሳይቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከኢትዮጵያ ቦሎቄ ኖዱል የተገኘ አንድ ባክቴሪያ በአገራችን ስም ራይዞቢየም ኤቲዮፒኩም ተብሎ ሲሰየም፣ ከኮርች ኖዱል የተገኘ ሌላ ባክቴሪያ ብራዲራይዞቢየም ሸወንሴ የሚል ስም ተሰጥቶታል። ኮርች የምንለው ዛፍም ሆነ ብርብራ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ አይበቅሉም። ስለዚህ የምንነጋገረው በሌላ አገር ስላለ ነገር ሳይሆን በእጃችን ስላለ ሀብት ነው።

የባክቴሪያው ሥራ ምንድን ነው? ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ነገር ግን ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች በሦስት ማሰሪያ ጥብቅ ተያይዘዋል፤ ያን ማሰሪያ ሊፈታ የሚችል ተክል የለም። የማዳበሪያ ፋብሪካ ይህን ለመፍታት ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚደርስ ሙቀትና ከአየር ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ የሆነ ግፊት ይጠቀማል። ባክቴሪያው ግን በአፈር ሙቀት፣ ያለ እሳትና ያለ ግፊት ይፈታዋል። መሣሪያው ናይትሮጅኔዝ የተባለ ኤንዛይም ነው፤ በውስጡም ብረትና ሞሊብዲነም የተባሉ ማዕድናት አሉት።

ይህ ሥራ ነፃ አይደለም። አንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል ወደ አሞኒያ ለመቀየር ቢያንስ 16 ኤቲፒ፣ ማለትም 16 የኃይል ሳንቲሞች ይከፈላሉ። ኃይሉ የሚገኘው ተክሉ ከቅጠሉ ወደ ሥሩ ከሚልከው ስኳር ነው። ስኳሩም ወደ ኃይል ለመለወጥ እስትንፋስ ይፈልጋል፤ እስትንፋስ ደግሞ ኦክስጅን ይፈልጋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መርዝም ሕይወትም

ናይትሮጅኔዝ ለኦክስጅን እጅግ ስስ ነው። ከሁለቱ ክፍሎቹ አንዱ፣ የብረት ፕሮቲን የሚባለው፣ ከተራ አየር ጋር ሲገናኝ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ግማሹ ይበላሻል፤ የተበላሸውም አይጠገንም። ስለዚህ ኖዱሉ በአንድ በኩል ብዙ ኦክስጅን የሚፈጅ ምድጃ ነው፤ በሌላ በኩል ከዚያው ምድጃ አጠገብ ኦክስጅን ሊነካው የማይገባ ዕቃ ያስቀምጣል።

እናቶቻችን ማታ ላይ ምድጃውን የሚያሳድሩበትን ዘዴ አስታውሱ። ፍሙ ሙሉ በሙሉ ከተገለጠ ነዶ ያልቃል፤ ሙሉ በሙሉ ከታፈነ ይጠፋል። በአመድ ሲዳፈን ግን አየር በጥቂት በጥቂቱ እየገባ ፍሙ እስከ ንጋት ይቆያል። ኖዱል የተዳፈነ እሳት ነው። አመዱ ምን እንደሆነ አሁን እንመልከት፤ ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የኖዱሉ ቅርፊት ነው። ከውጭ ያሉት ሕዋሶች እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው በመካከላቸው ያለውን የአየር ክፍተት ያጠብባሉ፤ ክፍተቱም አንዳንድ ጊዜ በውኃ ይሞላል። ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዘው እጅግ በዘገየ ፍጥነት ስለሆነ ቅርፊቱ እንደ በር ያገለግላል። በሩም አንዴ ተዘግቶ የሚቀር አይደለም፤ እንደ ሁኔታው ጠበብ ወይም ሰፋ ይላል። ድርቅ ሲመጣ ይጠባል፤ ስኳር በብዛት ሲገባና እስትንፋሱ ሲበረታ ሰፋ ይላል።

ሁለተኛው ሌግሄሞግሎቢን ነው። ይህን ፕሮቲን በ1939 እ.ኤ.አ. በአኩሪ አተር ኖዱል ውስጥ የለየው ጃፓናዊው ሳይንቲስት ኩቦ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን ዘመድ ነው፤ እንደ እርሱም ብረት ስላለው ቀይ ነው። የሚሠራ ኖዱል ስትሰነጥቁት ውስጡ ሥጋ የመሰለ ቀይ ሆኖ የምታገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ሌግሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን አጥብቆ ይይዝና ወደ ባክቴሪያው ደጃፍ ያደርሰዋል። በዚህ መንገድ ብዙ ኦክስጅን ይጓጓዛል፤ በነፃ የሚንሳፈፈው ግን እጅግ ጥቂት ይሆናል። ከአየር ጋር በተገናኘ ውኃ ውስጥ በአንድ ሊትር ወደ 250 ማይክሮሞል ኦክስጅን ሲሟሟ፣ በኖዱሉ ውስጥ ነፃ የሆነው ኦክስጅን በናኖሞል የሚለካ ነው። ልዩነቱ ወደ አሥር ሺህ እጥፍ ይጠጋል። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ሎተስ በተባለ ትንሽ የጥራጥሬ ወገን ተክል ውስጥ ይህ ፕሮቲን እንዳይሠራ አደረጉ። ተክሉ ኖዱል አበቀለ፤ ነገር ግን በኖዱሉ ውስጥ ነፃ ኦክስጅን ጨመረ፣ ናይትሮጅኔዝ ጠፋ፣ ተክሉም በናይትሮጅን ረኀብ ቀጨጨ።

ሦስተኛው የባክቴሪያው የራሱ እስትንፋስ ነው። ባክቴሪያው በኖዱሉ ውስጥ ሲኖር ኦክስጅን እጅግ በጥቂቱ ቢኖር እንኳ ለመያዝ የሚችል ልዩ የእስትንፋስ ኤንዛይም ያዘጋጃል። ወደ ደጃፉ የመጣውን ኦክስጅን ወዲያውኑ ስለሚፈጀው ናይትሮጅኔዝን ሊነካ የሚችል ትርፍ አይቀርም። አደጋውን የሚያርቀውም ራሱ ሥራው ነው።

የጠባቂው ፈተና

ክቡራንና ክቡራት፤ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ታሪኩ አጭር በሆነ ነበር። ነገር ግን ጠባቂው ራሱ ሌላ አደጋ ይዞ ይመጣል። ሌግሄሞግሎቢን የያዘውን ኦክስጅን ሲለቅ አንዳንድ ጊዜ አንድ ኤሌክትሮን ጨምሮለት ይለቀዋል። ያ ኦክስጅን ሱፐርኦክሳይድ ይሆናል። ከሱፐርኦክሳይድ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይወለዳል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ደግሞ ከልቅ ብረት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ፣ በአጠገቡ ያገኘውን ስብ፣ ፕሮቲንና የዘር ቅንጣት ሳይመርጥ የሚያጠቃ ነገር ይወጣል። እነዚህን ሦስቱን ለዛሬ ቁጡ ኦክስጅኖች ብዬ ልጥራቸው። በሕዋስ ውስጥ ከመከላከያው አቅም በላይ ሲበዙ የሚፈጠረው ሁኔታ የኦክሲዴሽን ጫና ይባላል።

ኖዱል ለዚህ ጫና ከሌላው የሥር ክፍል ይልቅ የተጋለጠ ነው። እስትንፋሱ ብርቱ ነው፤ ብረቱ ብዙ ነው፤ ኤሌክትሮን በየአቅጣጫው የሚቀባበሉ ፕሮቲኖችም ሞልተውበታል። ደረቅ ማገዶ በተከመረበት ቤት ውስጥ ፍም እንደማሳደር ነው። ታዲያ ኖዱሉ ምን ያደርጋል?

በመጀመሪያ፣ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ የተባለ ኤንዛይም ሱፐርኦክሳይዱን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጠዋል። ይህ አደጋውን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማለት በፋርማሲ ቁስል ለማጠቢያ የሚሸጠው ፈሳሽ ነው። ቁስል ላይ ሲፈስ የሚያረፋው በደማችንና በሥጋችን ውስጥ ያለ ካታሌዝ የተባለ ኤንዛይም ወደ ውኃና ኦክስጅን ስለሚሰባብረው ነው። ያው ኤንዛይም በኖዱሉም፣ በባክቴሪያውም ውስጥ አለ። የአልፋልፋን ኖዱል የሚሠራው ባክቴሪያ ሦስት ዓይነት ካታሌዞች አሉት። ተመራማሪዎች ከሦስቱ መካከል የተወሰኑትን በጥንድ ሲያጠፉበት ባክቴሪያው ኖዱል የመሥራትና ናይትሮጅን የመያዝ ችሎታው እጅግ ወረደ። ጥበቃው የተክሉ ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ነዋሪዎች ግዴታ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ቀጥሎ ያለው መከላከያ ሰፈር ሲቃጠል ሰዎች ተሰልፈው የውኃ ባልዲ እንደሚቀባበሉበት ያለ ሰልፍ ነው። በሰልፉ ራስ ላይ አስኮርቤት፣ ማለትም በብርቱካንና በሎሚ የምናውቀው ቪታሚን ሲ ይቆማል። አስኮርቤት ፐርኦክሲዴዝ የተባለ ኤንዛይም በቪታሚን ሲ ተጠቅሞ ፐርኦክሳይዱን ወደ ውኃ ይለውጣል። ያገለገለው ቪታሚን ሲ ግን አቅሙ ያልቃል፤ የሚያድሰው ግሉታታዮን የተባለ ሞለኪውል ነው። በቦሎቄና በአኩሪ አተር ውስጥ ይህን ቦታ በአብዛኛው የቅርብ ዘመዱ ሆሞግሉታታዮን ይይዘዋል። ግሉታታዮንም በተራው ሲደክም ከስኳር በሚገኝ የኤሌክትሮን ኃይል ይታደሳል። ይህ ሰልፍ በአኩሪ አተር ኖዱል ውስጥ በ1986 እ.ኤ.አ. ተገለጸ። ከዚያ በኋላ በብዙ የጥራጥሬ ዕፅዋት ኖዱሎች ውስጥ ተጠንቷል።

ሦስተኛው መከላከያ ልቅ ብረት እንዳይኖር ማድረግ ነው። ፌሪቲን የተባለ ባዶ ሉል የመሰለ ፕሮቲን ትርፍ ብረትን በሆዱ ውስጥ ያከማቻል። ብረቱ ከተከማቸ ፐርኦክሳይድ ቢኖር እንኳ ከሁሉ የከፋው ራዲካል አይወለድም። ክብሪት ከሕፃናት እንደሚራቅ ያለ ጥንቃቄ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር አስተውሉልኝ። የመከላከያው ሰልፍ መጨረሻ የት ደረሰ? ስኳር ላይ። ስኳሩ የት ተሠራ? ቅጠሉ ላይ። የኖዱሉ ጋሻ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ ግንብ አይደለም፤ በየዕለቱ ዋጋው የሚከፈልለት ጥበቃ ነው። ከፋዩም ቅጠሉ ነው። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ።

ጠላት ብቻ አይደሉም

ወደ ጓሮው ከመመለሴ በፊት አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ እንዳልተው ልጠንቀቅ። ቁጡ ኦክስጅኖች ፈጽመው መጥፋት የሚገባቸው ጠላቶች ናቸው ማለቴ አይደለም። ተክሉ ራሱ በመጠኑ ያመርታቸዋል፤ እንደ መልእክተኛም ይጠቀምባቸዋል። በቦሎቄ ላይ የተደረገ ሙከራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሱፐርኦክሳይድ የሚያመርት አንድ የተክሉ ኤንዛይም እንዲዳከም ሲደረግ፣ ባክቴሪያው የሚገባበት ቀጭን መተላለፊያ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ኖዱል በትክክል ሊሠራ አልቻለም። ባክቴሪያው ወደ ቤቱ ሲገባ የሚያስፈልገው እሳት፣ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ደግሞ መዳፈን ይኖርበታል ማለት ነው። ጥያቄው እሳት መኖር አለመኖሩ ሳይሆን መጠኑና ቦታው ነው።

አመዱ ሲገለጥ

ጥበቃው የሚፈርሰው መቼ ነው? በቤተ ሙከራ ቦሎቄን ለጥቂት ቀናት ከብርሃን ከልለው ያቆዩ ተመራማሪዎች ኖዱሉ ናይትሮጅን የመያዝ አቅሙ በፍጥነት እንደሚወድቅ፣ የመከላከያ ሞለኪውሎቹም እንደሚመናመኑ አይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቅጠሉ ስኳር መላክ አቆመ። ድርቅም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ናይትሬት በብዛት ሲጨመርም ተክሉ ለኖዱሉ መክፈሉን ይቀንሳል፤ ኖዱሉም ያለ ጊዜው ያረጃል። የጎመራ ቦሎቄ ላይ ዩሪያ አብዝተን ስንበትን ሳናውቀው ምድጃውን እናጠፋለን።

በጌዴኦ ከፍታዎች እንደሚታየው አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። በአሲዳማ አፈር ሞሊብዲነም በቀላሉ አይገኝም፤ ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ የሚሟሟው አሉሚኒየም ሥሩን ራሱን ያጠቃል። ኤንዛይሙ ያለ ሞሊብዲነም፣ ኤቲፒውም ያለ ፎስፈረስ አይሠሩም።

ኖዱሉ ሲያረጅ ምን ይታያል? ሌግሄሞግሎቢኑ ይፈርሳል፣ ብረቱም ይለቀቃል፤ የተለቀቀው ብረት እሳቱን ያብሳል። ቀዩ ቀለም ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ይቀየራል። በመጨረሻም ኖዱሉ ይሟሽሻል።

ይህን ቀለም አስመልክቶ አንድ የራሴን ስሕተት ልናገር። ገና ወጣት ተመራማሪ በነበርኩበት ጊዜ በአንድ አርሶ አደር ማሳ ውስጥ ቦሎቄ እየነቀልኩ በሥሩ ላይ ያሉትን ኖዱሎች እቆጥር ነበር። ብዙ ነበሩ። ደስ ብሎኝ፣ «አባቴ፣ መሬትዎ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው፤ ማዳበሪያ አያስፈልገውም» አልኳቸው። ከሳምንታት በኋላ ስመለስ ቦሎቄው ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። ያን ጊዜ ነው ኖዱሎቹን በጥፍሬ የሰነጠቅኳቸው። ውስጣቸው ነጭና አረንጓዴ ነበር። ኖዱል ነበሩ፤ የሚሠሩ ግን አልነበሩም። ሰውየው አልተቆጡም፤ ያጡትን ምርት ግን የከፈሉት እርሳቸው ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልሰነጥቅ ቆጥሬ አላውቅም።

ወደ ጥላው ዛፍ

አሁን ወደ ወርቃ ልመለስ። በቡና ጓሮ ውስጥ የጥላ ዛፍ መገረዝ አስፈላጊ ነው፤ ቡናው ብርሃን ይፈልጋል፣ ቤቱ ማገዶ ይፈልጋል፣ የረገፈው ቅጠልም አፈሩን ይመግባል። ጥያቄው ምን ያህልና እንዴት ነው።

በኮስታ ሪካ የቡና ጥላ ሆኖ የሚተከል የኮርች የቅርብ ዘመድ አለ። እዚያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ዛፉ ቅርንጫፉ በሙሉ ሲቆረጥ ኖዱሎቹ ቀስ በቀስ ከሥሩ ላይ ይጠፋሉ፤ አዲስ ቅጠል እስኪዳብርም ለሳምንታት አይመለሱም። ከቅርንጫፎቹ ጥቂቱ ሲተውለት ግን ኖዱሎቹ በተሻለ ሁኔታ ይቆያሉ። እስካሁን የተናገርኩትን ለተከተለ ሰው ይህ ሊያስደንቀው አይገባም። ቅጠሉ ሲሄድ ስኳሩ ይቆማል፤ ስኳሩ ሲቆም ግሉታታዮኑ አይታደስም፤ ግሉታታዮኑ ሲደክም ቪታሚን ሲ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ፐርኦክሳይዱን የሚያቆመው ይቀንሳል፤ ሌግሄሞግሎቢኑም ይፈርሳል። ከላይ በገጀራ የተመታው ቅርንጫፍ ከታች የኖዱሉን ጋሻ ነጥቆታል።

እዚህ ላይ ፍርዴ ሚዛኑን እንዳይስት እወዳለሁ። የሞተ ኖዱልም ከንቱ አይደለም፤ ሲበሰብስ የያዘው ናይትሮጅን ለጎረቤቱ ቡናና እንሰት ይተርፋል። የሚገረዝ ዛፍ ሁሉ ኪሳራ ነው አልልም። የምለው ይህ ነው፤ አንድ ዛፍ ደጋግሞ ሙሉ በሙሉ ከተመለጠ፣ ከወለዱ በላይ ዋናው እየተበላ ነው።

ስለዚህ ከሙያዬ ተነሥቼ ሦስት ነገሮችን በትሕትና ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ብርብራም ሆነ ኮርች ስትገርዙ ጥቂት አረንጓዴ ቅርንጫፎች ተዉለት፤ በጓሮው ያሉትን ዛፎችም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ግረዙ። ሁለተኛ፣ ለቦሎቄ ዩሪያ ከመግዛት በፊት አንድ ሁለት ተክል በጥንቃቄ ቆፍራችሁ አውጡ፤ አትንቀሉ፣ ኖዱሉ በአፈሩ ውስጥ ይቀራልና። ከዚያ ሰንጥቁት። ቀይ ከሆነ ምድጃው ይነዳል፤ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ የግብርና ባለሙያውን አማክሩ። ሦስተኛ፣ አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ከናይትሮጅን ይልቅ ኖራና ፎስፈረስ ሊቀድሙ ይችላሉና አፈሩን አስመርምሩ።

ለተማሪዎቼ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። እስካሁን ከጠቀስኳቸው የኖዱል ጥበቃ ጥናቶች አብዛኞቹ የተሠሩት በአኩሪ አተር፣ በአልፋልፋ፣ በሎተስና በቦሎቄ ላይ ነው፤ በብዛትም በቤተ ሙከራ ማሰሮ ውስጥ። ብርብራና ኮርች ግን በደጃችን ቆመዋል። ከወርቃ ገደል ላይ በተገረዘና ባልተገረዘ ዛፍ ሥር የሚገኙ ኖዱሎችን ቀለም በየሳምንቱ መመዝገብ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ መቆፈሪያ፣ ምላጭ፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። የዚህ አገር ዛፍ ምሥጢር በዚህ አገር ተማሪ እጅ ቢፈታ ለእኔ ታላቅ ደስታ ነው።

የጌዴኦ አባቶች በሶንጎ ተቀምጠው ስለ መሬትና ስለ ዛፍ ሲመክሩ ኖዱል የሚባል ቃል አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ጓሯቸውን ያለ ጥላ ዛፍ አልተዉም፤ ቡናቸውንም ለብቻው አልተከሉም። እኛ ዛሬ ኤንዛይሙን በስሙ መጥራት ችለናል። ማወቃችን ትርጉም የሚኖረው ግን እነርሱ ሳይሰይሙት የጠበቁትን እሳት እኛ ሰይመነው ሳናጠፋው ስንቀር ነው።